«ቁልፍ መጫን» የተባለው ትምህርት

እዚህ ጎጃም ውስጥ የሚገኝ አንድ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል፣ የሌንስ ንድፍን በሶፍትዌር የሚያስተምረውን የምርጫ ኮርስ ከመጪው መንፈቅ ጀምሮ ለማጠፍ ወስኗል። ምክንያት ተብለው የቀረቡት የፈቃዱ ዋጋ ውድነትና የሌንስ ፋብሪካ አለመኖር ሲሆኑ፣ ስብሰባውን የመሩት ኃላፊ ደግሞ «ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰላዋል፤ ተማሪው የሚማረው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» የሚል ጨምረውበታል።

ይህን ያሉ ሰው ቁልፉን አንድ ቀን እንኳ ተጭነውት እንደማያውቁ ያስታውቃል። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ተማሪው ከሰጠው መነሻ ተነሥቶ የሌንሱን ገጽታዎች ጉብጠትና ውፍረት በጥቂት በጥቂቱ እየለወጠ የምስሉን ስሕተት መቀነስ ነው፤ በየትኛውም በኩል ቢንቀሳቀስ ስሕተቱ የሚጨምርበት ቦታ ላይ ሲደርስም ይቆማል። በጭጋግ ከጮቄ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ የመጀመሪያው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓባይ በረሃ የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሶፍትዌሩም ከዚያ መንገደኛ አይሻልም፤ ከየትኛው ጫፍ ተነሥቶ ይውረድ የሚለውን የሚወስንለት የተማረ ሰው ነው።

ኃላፊው እስኪ ክራውን ከሚባለው ቀለምን በጥቂቱ ከሚበትን አንድ ዓይነት መስታወት የተሠሩ ሁለት ሌንሶችን አጣብቀው በምስሉ ጠርዝ የሚታየውን የቀለም ጥላ እንዲያጠፋላቸው ሶፍትዌሩን ይዘዙት። ሌሊቱን ሙሉ ጉብጠቱን ሲያስተካክል ቢያድርም ጥላው አይጠፋም፤ ሁለቱ መስታወቶች ቀለምን የሚበትኑት እኩል ነውና። መስታወቱን መለወጥ እንዳለበት የሚያውቀው የአቤ ቁጥር፣ ማለትም መስታወት ቀለምን ምን ያህል እንደሚበትን የሚያሳየው ቁጥር (ሲያንስ ብተናው ይበዛል)፣ ምን እንደሆነ የተማረ ተማሪ ነው። ይህ ቁጥር ቢኬ7 ለተባለው ክራውን 64.2፣ ቀለምን አብዝቶ ከሚበትነው የፍሊንት መስታወት ወገን ለሆነው ኤፍ2 ደግሞ 36.4 ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊሜትር ለሆነ ጥንድ 43 ሚሊሜትር ገደማ ሰብሳቢ እና 76 ሚሊሜትር ገደማ በታኝ ሌንስ እንደሚያስፈልግ በወረቀት ያወጣል። ቁልፉን የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ማያው ላይ የተበተኑትን የጨረር ነጥቦች አይቶ የቀረው ጉድለት ከገጽታው ጉብጠት ይሁን ከመስታወቱ ምርጫ መለየት የእርሱ ሥራ ነው።

የፈቃዱ ዋጋ ውድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ኦስሎ የተባለው የሌንስ ንድፍ ሶፍትዌር ለትምህርት በነጻ የሚሰጠው እትም እስከ 10 ገጽታ ይፈቅዳል፤ የተጣበቀው ጥንድ የሚፈልገው ሦስት ገጽታ ነው፤ ዴኒስ ቴይለር በ1893 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ባለ ሦስት ሌንስ ንድፍም ስድስት ብቻ ነው። ለአንድ መንፈቅ ኮርስ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ፋብሪካ የለም የሚለው ምክንያት ብዙ ቃል አያሻውም። በቆላው የጎጃም ወረዳዎች የወባ ደም የሚመረመርበት ማይክሮስኮፕ ከውጭ የመጣ ነው። ባለ 100 እጥፉ የዘይት ሌንስ ምስሉን ሲያደበዝዝ፣ ጥፋቱ የሌንሱ ሥሪት፣ የአቀማመጡ ወይስ የሻጋታ መሆኑን ለይቶ የሚነግረን ሰው ከዚህ ክፍል ካልወጣ ከየት ሊመጣ ነው?

ምናልባት እውነተኛው ምክንያት ኮርሱን የሚይዝ መምህር መጥፋቱ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ በግልጽ ይነገረንና ስለ ቅጥር እንነጋገር።