ክርክር፦ የከዋክብትን ርቀት የማያከብር ልብ ወለድ አንባቢውን ያታልላል?

ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ በኪሎ ሜትር ወደ 40 ትሪሊዮን ይጠጋል። አብዛኛው የጠፈር ልብ ወለድ ይህን ርቀት በአንድ ምዕራፍ ይሻገረዋል። ይህ የደራሲ መብት ነው ወይስ አንባቢን ማታለል? ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምትጽፍ ደራሲና ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር በጽሑፍ ተከራክረዋል። ርቀቱ ይከበር ባይዋ ደራሲዋ ናት፤ ተቃዋሚው መምህሩ ናቸው። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደራሲዋ፦

መምህር፣ ከቮዬጀር 1 ልጀምር። መንኮራኩሯ የተወነጨፈችው በመስከረም 1977 ነው። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች በነሐሴ 2012 የፀሐይ ነፋስ የሚያበቃበትን ወሰን አልፋ በከዋክብት መካከል ወዳለው ጠፈር ገባች። የሰው እጅ ከሠራው ነገር ሁሉ እንደ እርሷ የራቀ የለም። ሆኖም በዚሁ ፍጥነት እስከ ፕሮክሲማ ያለውን ርቀት ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ታዲያ አንድ ደራሲ ጀግናው ቁርሱን እዚህ በልቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ፣ ለምሳ ሌላ ፀሐይ ሥር እንዲቀመጥ ሲያደርግ ምን ጨመረልን? ርቀቱን ሲሰርዝ መለያየትን፣ መጠበቅንና እርጅናን አብሮ ሰርዟል። የቀረው ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረግ ጉዞ ነው፤ ከተሞቹን ፕላኔት ብሎ ጠራቸው እንጂ።

እውነቱ ደግሞ ከፈጠራው ይበልጥ ልብ ያንጠለጥላል። በኅዳር 2023 ቮዬጀር 1 ትርጉም የሌለው መልእክት መላክ ጀመረች። ከኮምፒውተሮቿ በአንዱ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ አንድ ቺፕ ተበላሽቶ ነበር። 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚጠግናት የለም። መሐንዲሶቹ በዚያ ቺፕ ላይ የነበረውን ፕሮግራም ከፋፍለው በተረፈው የማስታወሻ ቦታ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ በትንሽ በትንሹ አሰፈሩት። ትዕዛዛቸው እስኪደርስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሷ እስኪመጣ ሌላ 22 ሰዓት ተኩል መጠበቅ ነበረባቸው። በሚያዝያ 2024 ስለ ራሷ ሁኔታ የሚነበብ መልእክት ላከች። የእኛ ደራስያን ይህን የሁለት ቀን ዝምታ በፈጣን ሞተር እየለወጡ ሲጥሉት ያንገበግበኛል።

መምህሩ፦

እህቴ፣ የቮዬጀርን ጥገና እኔም በጉጉት ተከታትዬዋለሁ። ነገር ግን ቮዬጀር ሰው አልጫነችም። አንቺ “እውነተኛ” የምትዪው ልብ ወለድ ግን ሰው ይጭናል፤ እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ከብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛውን ይዞ እንዲበር 450 ትሪሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይጠይቃል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙን ሳያጓድል ቢሠራ ይህን ኃይል ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ለአንድ ኪሎ! ቤተሰብ፣ እርሻና ውሃ የያዘ መርከብ ሺህ ቶን ቢመዝን፣ ሺህ ቶን ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ መርከብ እጅግ ትንሽ ነው፣ ግድቡ ከ2,700 ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት ማመንጨት አለበት። መርከቡ ነዳጁን ራሱን ተሸክሞ መፍጠን እንዳለበት አልቆጠርሁም። ደርሶ ለመቆም የሚያስፈልገውንም አልቆጠርሁም።

ከብርሃን የሚፈጥን ሞተር የሚጽፍ ደራሲ በር ነው የሚከፍትልኝ፤ እኔም እገባለሁ። በገድሎቻችን ቅዱሱ ደመና ጠቅሶ ሩቅ አገር ሲደርስ የደመናው ፍጥነት ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንባቢው ልቡን የሚጥለው ለምን ሄደ፣ ማንን ረዳ በሚለው ላይ ነው። ትውልድ ከትውልድ የሚፈራረቅበት ግዙፍ መርከብ የሚጽፈው ደራሲ ግን የተሰላ ነገር እንደያዘ ሆኖ ነው የሚቀርበኝ። ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ፈጠራ እንደሆነ አውቀው ያነብቡታል። ሁለተኛውን ግን “ይህኛው እንኳ የሚቻል ነው” ይሉኛል። ማን ነው ያታለላቸው?

ደራሲዋ፦

ሒሳብዎን እቀበላለሁ፤ ድምዳሜው ግን አልተዋጠልኝም። ብዙ ኃይል ይጠይቃል ማለትና የተፈጥሮ ሕግ ይከለክለዋል ማለት ለየቅል ናቸው። ከ1973 እስከ 1978 የብሪታንያ ኢንተርፕላኔተሪ ማኅበር አባላት፣ በአላን ቦንድ መሪነት፣ ዴዳለስ የተባለች መንኮራኩር ነድፈዋል። ክብደቷ 54,000 ቶን ሆኖ ከዚያ ውስጥ 50,000 ቶኑ ነዳጅ ነው። ዲዩቴሪየምና ሂሊየም 3 የተባሉ የሃይድሮጅንና የሂሊየም ዓይነቶችን የያዙ ትናንሽ እንክብሎች በሰከንድ 250 ጊዜ እየፈነዱ ከብርሃን ፍጥነት 12 በመቶ ላይ ያደርሷታል። መዳረሻዋ 5.9 የብርሃን ዓመት የሚርቀው የባርናርድ ኮከብ ነበር፤ ጉዞው 50 ዓመት ያህል ይወስዳል። ከንድፉ ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን ፊዚክስ የሚጥስ አንድም ነገር የለም።

የምወደው ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ነው። ዴዳለስ ፍሬን የላትም። መቆሚያ ነዳጅ መጫን ስለማይቻል ኮከቡ አጠገብ ደርሳ ሽው ብላ ታልፋለች፤ በዚያ ፍጥነት ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ያህል ርቀት በ70 ደቂቃ ነው የምታቋርጠው። ያነሣችው ምስል ወደ ምድር ለመድረስ ወደ 6 ዓመት ይጠጋል። በሠላሳ ዓመቱ ስትወነጨፍ ያየ መሐንዲስ ምስሉን የሚያየው ሰማንያ ስድስት ሲሞላው ነው፤ ዕድሜ ከሰጠው። የሥራ ባልደረቦቹ አልቀዋል። የልጅ ልጁ መነጽሩን ታቀብለዋለች። ይህን ታሪክ ያለ ሒሳቡ ማን ሊፈጥረው ይችላል? መምህር፣ በርቀቱ ላይ ጨካኝ ስሆን ነው ሰዎቹ ሕይወት የሚያገኙት።

መምህሩ፦

መሐንዲሱ ጥሩ ባለታሪክ ነው፤ ግን አሁንም ምድር ላይ ነው ያለው። ሂሊየም 3ቱ ከጁፒተር ከባቢ አየር ተቀድቶ እንዲመጣ የታሰበ መሆኑን ደግሞ አልነገርሽንም።

ሰው ስንጭን ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። በአሪዞና በረሃ ባዮስፌር 2 የሚባል የመስታወት ከተማ ተሠርቶ ነበር። ስፋቱ ከአንድ ሄክታር ትንሽ ይበልጣል። ደን፣ ትንሽ ባሕርና እርሻ ነበረው። በመስከረም 1991 ስምንት ሰዎች ለሁለት ዓመት ገብተው በሩ ታሸገ። አየሩ ከቀን ወደ ቀን ሳሳ። በመነሻው 20.9 በመቶ የነበረው ኦክስጅን በ16 ወር ውስጥ ወደ 14.5 በመቶ ወረደ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደመኖር ማለት ነው። በማዳበሪያ የበለጸገው አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ኦክስጅኑን ይበሉታል። በምላሹ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንጻው ኮንክሪት ሳይታሰብ እየመጠጠ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ዕፅዋቱ መልሰው ኦክስጅን ሊያደርጉት አልቻሉም። ግድግዳው ትንፋሻቸውን እየወሰደ ነበር! አበባ የሚያዳቅሉት ነፍሳት አለቁ፤ በረሮና ጉንዳን ረባ። ሰዎቹም ከስተው፣ ተርበው፣ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። በመጨረሻ በጥር 1993 ከውጭ ኦክስጅን ተነፋላቸው።

ከውጭ አልሁሽ። በፕሮክሲማ መንገድ ላይ ውጭ የሚባል ነገር የለም። እዚሁ ምድር ላይ፣ ሐኪምና ስልክ አጠገባቸው ሆኖ ሁለት ዓመት ያልያዘ አየር ለ200 ዓመት ይይዛል ብሎ የሚጽፍ ደራሲ፣ ከብርሃን ከሚፈጥነው ባልንጀራው በምን ይሻላል?

ስለ ፈጣኑ መንገድም ልጨምር። በ1985 የከዋክብት ተመራማሪው ካርል ሴጋን ልብ ወለድ ሲጽፍ ባለታሪኩን በቶሎ ሌላ ኮከብ ዘንድ የሚያደርስበት መላ ቸገረውና ወዳጁን የፊዚክስ ሊቅ ኪፕ ቶርንን ጠየቀ። ሴጋን መጀመሪያ ያሰበው በጥቁር ጉድጓድ በኩል ነበር፤ ቶርን ያ እንደማይሆን ነግሮት ዎርምሆል የሚባለውን የኅዋ አቋራጭ አሳየው። ከዚያም ቶርንና ተማሪው ማይክል ሞሪስ በ1988 ሰው ሊሻገርበት የሚችል ዎርምሆል ምን ምን እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ጥናት ለአስተማሪዎች በሚዘጋጅ የፊዚክስ መጽሔት ላይ አወጡ። በ1994 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሚጌል አልኩቢዬሬ ቦታ ራሱ ከመንኮራኩር ፊት እየተኮማተረ፣ ከኋላ እየተለጠጠ የሚወስድበትን ስሌት አቀረበ። የአንስታይንን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ለወጣቶች ለማስረዳት ከእነዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። በደራስያን ላይ አጥር ብናጥር ይህ ሁሉ ይቀርብን ነበር።

ደራሲዋ፦

መምህር፣ የሴጋን ነገር እኮ ለእኔ ነው የመሰከረው። ቁልፍ አስጫንቶ ማለፍ ይችል ነበር። የጠየቀው ርቀቱ ስላስጨነቀው ነው። ሞሪስና ቶርን ያገኙትም የዎርምሆሉ በር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አሉታዊ ኃይል ያለው፣ በሚፈለገው መጠን ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር እንደሚያስፈልግ ነው። የአልኩቢዬሬም ስሌት ይህንኑ ይጠይቃል። ዋጋው ተነግሮናል ማለት ነው።

በባዮስፌር 2 ግን ይዘውኛል፤ ያ ጥያቄ ከባድ ነው። መልሴ ግን ደራሲው ኮንክሪቱን ወደ መርከቡ ያስገባ የሚል ነው። ኦክስጅኑ ይውረድ፣ ጎራው ይለይ፣ ንቦቹ ይለቁ፤ ከውጭ የሚነፋላቸውም አይኑር። አንባቢው መርከቡ አልተቻለም ብሎ መጽሐፉን ቢዘጋ እንኳ፣ ምድራችን ያለ ጠባቂ የምታደርገው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ገብቶታል።

ሰው ካልተጫነ ደግሞ ቀላሉ መንገድ አለ። ጃፓን በ2010 ኢካሮስ የተባለችውን፣ በአንድ ጎን 14 ሜትር የሆነ ስስ ሸራ ያላትን መንኮራኩር በፀሐይ ብርሃን ግፊት ወደ ቬነስ አቅጣጫ አስጉዛለች። ግፊቱ 1.12 ሚሊ ኒውተን ብቻ ነበር፤ ግን ነበር። በ2016 ባለሀብቱ ዩሪ ሚልነርና የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ይፋ ያደረጉት ስታርሾት የተባለ ዕቅድ ጥቂት ግራም የሚመዝን ቺፕ በ100 ጊጋ ዋት ሌዘር ገፍቶ ከብርሃን ፍጥነት 20 በመቶ ላይ ለማድረስ የታሰበ ነበር። በ20 ዓመት ይደርሳል። ነዳጁ ምድር ላይ ስለሚቀር የእርስዎ የግድብ ሒሳብ ኪሎው ቀርቶ በግራም ይሆናል።

መምህሩ፦

በግራም ሲሆን እስማማለሁ። ግን የስታርሾትን ቺፕ ማን ያለቅስለታል? ልጆች ወደ ፊዚክስ ክፍሌ የሚመጡት እዚያ ቆመው ሌላ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ስለሚመኙ ነው። ያንን ምኞት የሰጣቸው ደግሞ ርቀቱን ያላከበረ ደራሲ ነው። እኔ ሒሳቡን በኋላ አስተምራቸዋለሁ፤ ምኞቱን ግን ማስተማር አልችልም። አንቺ ርቀቱን በር ላይ ካቆምሽው ስንቶቹ ይመለሳሉ?

ደራሲዋ፦

በር ላይ አላቆምሁትም፤ ዋጋ ነው የጠየቅሁት። በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከብርሃን የሚፈጥን መልእክት ካለ፣ በተለያየ ፍጥነት ከሚጓዙ ተመልካቾች ለአንዱ መልእክቱ ከመላኩ በፊት ይደርሳል። እንዲህ ያሉ ሁለት መልእክቶች ሲገጣጠሙ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ላኪው እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፈጣኑን ሞተር የሚወድ ደራሲ ይውሰደው፤ ነገር ግን እናት ልጇ ገና ሳይሄድ የሞቱን ደብዳቤ ስትቀበል ያሳየኝ፤ ስትከለክለው ምን እንደሚሆንም እስከ መጨረሻው ይጻፈው። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ሲገኝ ለተማሪዎችዎ መጽሐፉን ገዝቼ የማመጣው እኔ ነኝ።