51 ለ0፦ ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት

በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው የባርኪንግና ዳግናም ክፍለ ከተማ ምክር ቤት 51 መቀመጫዎች አሉት። በ2010 በተካሄደው ምርጫ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሌበር ፓርቲ ሁሉንም አሸነፈ። በ2014፣ በ2018 እና በ2022ም አንድ ሳያስቀር ያንኑ ደገመው። ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው በሉዊሸም ደግሞ ያው ፓርቲ በ2018 እና በ2022 54ቱንም መቀመጫዎች ጠቅልሏል፤ በኒውሃም በ2010፣ በ2014 እና በ2018፣ ማለትም በሦስት ተከታታይ ምርጫዎች፣ 60 ከ60 አግኝቷል። እንዲህ ያለ ውጤት የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቆጠራው ተጭበርብሮ እንደሆነ ነው። በእነዚህ ክፍለ ከተሞች ግን ኮሮጆ አልተሰረቀም፤ ተቃዋሚም አልታሰረም። ምርጫው ነፃ ነበር፤ ድምፁም በትክክል ተቆጥሯል። የሚያሳስበውም ይኸው ነው፤ ንጹሕ ምርጫ ተካሂዶም ሌላ ፓርቲ የመረጡት ነዋሪዎች በምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው ሳይኖራቸው ቀርቷልና።

ነገሩ የሚጀምረው ድምፅ ወደ መቀመጫ ከሚለወጥበት ሕግ ነው። በ32ቱ የለንደን ክፍለ ከተሞች በየአራት ዓመቱ፣ በአንድ ቀን፣ ለሁሉም መቀመጫዎች ምርጫ ይደረጋል። ክፍለ ከተማው ዎርድ በሚባሉ ትንንሽ የምርጫ ክልሎች ይከፈላል፤ አንድ ዎርድ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተወካዮችን ይልካል፤ መራጩም በዎርዱ ባሉት መቀመጫዎች ልክ ድምፅ ይሰጣል። ሦስት መቀመጫ ባለው ዎርድ ከመቶ መራጮች 45ቱ የአንዱን ፓርቲ ሦስት ዕጩዎች፣ 35ቱ የሌላውን፣ 20ዎቹ ደግሞ የሦስተኛውን ቢመርጡ፣ ሦስቱም መቀመጫዎች የሚሄዱት ለ45ቱ ፓርቲ ነው። የቀሩት 55 መራጮች ከመራጩ ከግማሽ በላይ ቢሆኑም እጃቸው ባዶ ይቀራል። የክፍለ ከተማው ነዋሪዎች በኑሮም በአሰፋፈርም ከዎርድ ዎርድ ብዙ የማይለያዩ ከሆነ ደግሞ ያው ስሌት በ17 ወይም በ18 ዎርዶች ይደጋገምና መጨረሻ ላይ 51 ለ0 ሆኖ ይወጣል።

ይህ የአንድ ፓርቲ ኃጢአት እንዳይመስል በምዕራብ በኩል ያለውን ሪችመንድን ማየት ይበቃል። ክፍለ ከተማውን እስከ 2018 ያስተዳደረው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በ2022 ከ54 መቀመጫዎች የደረሰው አንድ ብቻ ነበር። ሊበራል ዴሞክራቶች 48፣ ግሪኖች 5 አገኙ። ሊበራል ዴሞክራቶች በብሔራዊ ደረጃ ይህን የምርጫ ሥርዓት ለአሥርታት ሲያወግዙ የኖሩ ናቸው፤ በሪችመንድ ግን ከፍተኛ ትርፍ አስገኝቶላቸዋል። ለነገሩ በ2022 በመላው ለንደን ድምፅ የሰጠው ከአምስት መራጮች ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ አሸነፈ» የተባለው ፓርቲ በብዙ ዎርዶች የያዘው፣ ድምፅ ከሰጡት ጥቂቶች መካከል የአንድ ክፍል ድጋፍ ነው።

ብዙ ተንታኞች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ የመቀመጫና የድምፅ አለመመጣጠን የፍትሕ ጥያቄ ነው ብለው ያልፉታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከምርጫው ማግስት ጀምሮ በምክር ቤቱ አዳራሽ የሚሆነው ነው። በ2000 የወጣው የአካባቢ መንግሥት ሕግ ሥልጣኑን ከአሥር በማይበልጡ የካቢኔ አባላት ወይም በከንቲባ እጅ ካስቀመጠ በኋላ፣ የቀሩት የምክር ቤት አባላት የክትትልና የቁጥጥር ኮሚቴዎች አቋቁመው የካቢኔውን ውሳኔ እንዲመረምሩ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሥራ ላይ ሳይውል መልሰው እንዲጠሩት ደነገገ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን በ1989 የወጣው ሌላ ሕግ የኮሚቴዎች መቀመጫ ፓርቲዎች በምክር ቤቱ ባላቸው ቁጥር ልክ እንዲከፋፈል ያዛል። ይህ ድንጋጌ የታሰበው ተቃዋሚዎችን ከኮሚቴ እንዳይገፉ ለመጠበቅ ነበር፤ አንድ ፓርቲ ሁሉንም መቀመጫ ሲይዝ ግን ኮሚቴውም ሁሉ የእርሱ ይሆናል። የካቢኔውን በጀት የሚመረምረው ሰው የዚያው ፓርቲ አባል፣ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ የፓርቲውን ይሁንታ የሚጠብቅ፣ ምናልባትም ነገ ራሱ ካቢኔ ለመግባት ተስፋ የሚያደርግ ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጀግንነት መጠበቅ ይቻላል፤ የአስተዳደር ሥርዓትን በጀግንነት ላይ መመሥረት ግን አይቻልም።

ተቃዋሚው አንድ ብቻ ሲሆንም ነገሩ እምብዛም አይሻልም። በሕጉ መሠረት «የፖለቲካ ቡድን» ለመባል ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የኮሚቴ ድርሻ የሚሰላውም በቡድን ነው። በብዙ ምክር ቤቶች ደንብ አንድ አባል ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ለውይይት የሚበቃው ሌላ አባል ተነሥቶ ሲደግፈው ነው። የሪችመንዱ ብቸኛ ኮንሰርቫቲቭ ሐሳብ ቢኖረው እንኳ ደጋፊውን ከተቀናቃኞቹ መካከል መለመን ነበረበት።

በእንዲህ ያሉ ክፍለ ከተሞች ፖለቲካ ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ ቦታውን ነው የለወጠው። በኒውሃም ከ2002 ጀምሮ ከንቲባ የነበሩት ሰር ሮቢን ዌልስ በ2018 ሥልጣናቸውን ያጡት በግንቦቱ ምርጫ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በሌበር ፓርቲ አባላት መካከል በተካሄደው የዕጩ ምርጫ በሮክሳና ፊያዝ ተሸንፈው ነው። ውጤቱ ለውጥ ነበር፤ ለውጡን የወሰነው ግን ካርድ የያዘው የፓርቲ አባል እንጂ የክፍለ ከተማው ሕዝብ አይደለም። ሕዝቡ በግንቦት ወጥቶ ያለቀውን አጸደቀ።

ይህን ስል የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ፤ መልሱም ቀላል አይደለም። በ2006 በዚያው በባርኪንግና ዳግናም፣ ቀኝ አክራሪው ብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ 13 ዕጩዎች ብቻ አቅርቦ 12 መቀመጫዎች አሸነፈ፤ ሌበር 38፣ ኮንሰርቫቲቭ ደግሞ 1 ያዙ። ዘረኛ ፓርቲ በለንደን ውስጥ የአንድ ምክር ቤት ዋና ተቃዋሚ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ የክፍለ ከተማው ምርጫ ከጠቅላላው ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ዋለ፤ ብዙ ሰው ወጥቶ መረጠ፤ 12ቱም ከአዳራሹ ተባረሩ፤ የፓርቲው መሪ ኒክ ግሪፊንም በባርኪንግ የፓርላማ ወንበር ሦስተኛ ወጣ። ሥርዓቱን የሚደግፉ ሰዎች ይህን እያነሡ «እንዲህ ያሉትን ጠራርጎ የሚያስወጣ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የ2010ን ውጤት በደስታ ያልተቀበለ ዴሞክራት ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ያንኑ ፓርቲ ከ13 ዕጩዎች 12ቱን አሳልፎ ያስገባው ይኸው ሕግ መሆኑን መርሳት አይገባም። ድምፅን በድርሻው የሚያከፋፍል ሥርዓት ቢሆን ኖሮ በ2006 ያን ያህል ባላገኙ፣ በ2010ም የእነርሱ መባረር ሌላውን ተቃዋሚ ሁሉ ይዞ ባልሄደ ነበር። ኮንሰርቫቲቮችም እኮ በዚያው ቀን ነው ከምክር ቤቱ የጠፉት። ለቤት እጦት ብሎ የተቆጣው መራጭ ቁጣውን የሚወስድበት ሕጋዊና ጨዋ ተቃዋሚ አጠገቡ አልቀረለትም።

ሁለተኛው መልስ የዌስትሚንስተር ክፍለ ከተማ ነው። «ሥርዓቱ ለውጥ አይከለክልም፤ በ2022 ሌበር ዌስትሚንስተርን 31 ለ23፣ ዎንድስወርዝን ደግሞ በ35 መቀመጫ ከኮንሰርቫቲቮች አልወሰደም ወይ?» ይባላል። ወስዷል። ዌስትሚንስተር ግን በዚህ ቅርጹ የመጀመሪያውን ምርጫ ካደረገበት ከ1964 ጀምሮ በሌበር እጅ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ዎንድስወርዝም ከ1978 ወዲህ እጅ አልለወጠም ነበር። አንድ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ጡረታ እስኪቃረብ ድረስ የአካባቢው ገዢ ፓርቲ አልተለወጠም ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ለውጡ ሲመጣ ሊመጣ የቻለውም ተሸናፊው በየጊዜው ጥቂት ወንበሮች ይዞ በአዳራሹ ውስጥ ስለቆየ፣ የክፍለ ከተማውን በጀትና አሠራር ከውስጥ ስለተማረ ይመስለኛል። በባርኪንግ ወይም በሉዊሸም እንዲህ የሚሠለጥን ተቃዋሚ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ ስላለ ብቻ ምክር ቤት ይድናል እያልኩ አይደለም፤ በደቡብ ለንደን ያለው የክሮይደን ክፍለ ከተማ ይህን ያስተምራል። በ2018 ሌበር 41፣ ኮንሰርቫቲቭ 29 መቀመጫዎች ነበሯቸው፤ ጠንካራ የሚባል ተቃዋሚ ነው። እንዲያም ሆኖ ምክር ቤቱ ራሱ ላቋቋመው የቤት ግንባታ ኩባንያ ከፍተኛ ገንዘብ ሲያበድር ኖሮ፣ በኅዳር 2020 ከሕግ ግዴታ ውጭ ያለ አዲስ ወጪ ሁሉ እንዲቆም የሚያዘውን ማስታወቂያ ለማውጣት ተገደደ፤ በተለምዶ አነጋገር ከሰረ። ተቃዋሚው ውድቀቱን አላስቆመም። የክሮይደን መራጭ ግን ከውድቀቱ በኋላ የሚሄድበት ነበረው። በ2021 በሕዝበ ውሳኔ በቀጥታ የሚመረጥ ከንቲባ እንዲኖር ወሰነ፤ በ2022 መራጮች ሁለተኛ ምርጫቸው ላደረጓቸው ዕጩዎች የሰጧቸው ድምፆች ከተደመሩ በኋላ የኮንሰርቫቲቩ ጄሰን ፔሪ በ589 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ፤ በምክር ቤቱም ሌበር 34፣ ኮንሰርቫቲቭ 33፣ ግሪን 2፣ ሊበራል ዴሞክራት 1 ሆኑ። የፓርላማው እርምጃ ደግሞ አስገራሚ ነው፤ በዚያው ዓመት በወጣው የምርጫ ሕግ ያንን የሁለተኛ ምርጫ ድምፅ ከከንቲባ ምርጫዎች አስወጣውና ተራ አብላጫ ድምፅ ብቻ እንዲበቃ አደረገ።

ስኮትላንድ የሄደችው በተቃራኒው ነው። በ2003 በግላስጎው ከተማ ምክር ቤት ሌበር ከመራጩ ድምፅ ግማሹን እንኳ ሳያገኝ ከ79 መቀመጫዎች 71ዱን ወስዶ ነበር። በ2004 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤደንብራ የነበረው የሌበርና የሊበራል ዴሞክራቶች ጥምር መንግሥት መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚመርጥበትን፣ የተረፈና የባከነ ድምፅም ወደሚቀጥለው ዕጩ የሚተላለፍበትን ሥርዓት ለአካባቢ ምርጫ ሕግ አደረገ። በጊዜው ብዙ የሌበር የምክር ቤት አባላት የገዛ መሪዎቻቸው ወንበራቸውን አሳልፈው እንደሰጡባቸው አድርገው አይተውታል። በ2007 የግላስጎው ሌበር ከ71 ወደ 45 ወረደ፤ አብላጫውን ግን አላጣም፤ ከተማዋን ለአሥር ዓመት ያህል ማስተዳደሩን ቀጠለ። በ2017 ዕጣው ተገለበጠና ስኮቲሽ ናሽናል ፓርቲ ከ85 መቀመጫዎች 39 በማግኘት አንደኛ ወጣ። በዚያ ቀን የተሸነፈው ሌበር 31 መቀመጫዎች ይዞ፣ ለአዲሱ አስተዳደር በጀት ጥያቄ የሚያነሣ ዋና ተቃዋሚ ሆኖ በአዳራሹ ተቀመጠ።