እርማት፦ ውሃውን አትዝጋበት

ወንድሜ፣ «የጓሮ ድጋፍ ግንብ (አፈር እንዳይናድ የሚይዘው) ውሃ እንዳያሳልፍ ድፍን ተደርጎ ከተለሰነ አይወድቅም» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ነሐሴ ላይ አፈሩ ውሃ ይጠግባል። ውሃው መውጫ ካጣ ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ግፊቱም ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጨምራል። መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ከሆነማ ራሱም ያብጣል። የእኔ የጡብ ግንብ መሃሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ ነው የተደረመሰው። ልስኑ እኮ ገና አዲስ ነበር!

የመንዝ ገበሬ ያለ ሲሚንቶ የካበው ድንጋይ የሚቆመው ውሃው በየስንጥቁ ስለሚወጣ ነው። ካቡም ወደ አፈሩ ጋደል ይላል።

አንተም ከጡቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠጠር ሙላ። ከግርጌው በየ1.5 ሜትሩ ባለ 2 ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገህ አሳልፍ። ግንቡን በጡብ ፋንታ በእንጨት የምትሠራው ከሆነ ጽድ ይሻላል፤ ባሕር ዛፍ አፈር የነካው ጋ ቶሎ ይበሰብሳል። እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባቱንም ተወው፤ አፈሩን ይበክላል፣ ጎመንህ ደግሞ እዚያው ሥር ነው የሚበቅለው።