እንጉርጉሮ ወዳዱና ጯሂው ባንድ

ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ሆድ የሚያስብስ ዘፈን ነው። ቤታችን የሚያስጨፍር ካሴት ሞልቶ ሳለ እኔ የምመርጠው አንጀት የሚበላውን ነበር። ታላቅ እህቴ «ምነው፣ ማን ሞተብህ?» ትለኛለች። ማንም አልሞተብኝም። ትዝታ ሲጀምር ግን ደረቴ ላይ የታሰረ ነገር ቀስ እያለ ሲፈታ ይሰማኝ ነበር። ደስታዬ እዚያ ውስጥ ነበር። ዛሬም እዚያው ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ክራር የሚጫወት ጎረቤት ነበረን። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝና «ሀዘን ከየት እንደሚመጣ ላሳይህ» አለኝ። ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ መታልኝ። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። በፒያኖ ቋንቋ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንደማለት ነው። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። ከዚያ ሚውን የያዘውን ክር ትንሽ አላላው። ላውንም እንዲሁ። ግማሽ ግማሽ ድምፅ ብቻ። ሌላውን አልነካውም። መልሶ ሲመታው ግን ዘፈኑ ሌላ ሆነ። ግቢው ራሱ የጨለመ መሰለኝ። ትዝታ ማይነር ማለት ይሄ ነው፤ ሁለት ክር ማላላት።

አሁን የምኖረው ሆላንድ ነው፣ ከአምስተርዳም በባቡር ጥቂት ደቂቃ በምትርቅ ከተማ። እዚህ ስመጣ ከሻንጣዬ ቀድሞ የገባው ትዝታ ነው ብል አላጋነንኩም። መጀመሪያ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ ስስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ካሳ ተሰማን ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት። በትህትና «እባክህ ትንሽ ዝቅ ታደርገው?» አለችኝ። ክፋት የለባትም። ማለዳ ሥራ ትገባለች። በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትዝታን የማዳምጠው ብቻዬን፣ ጆሮዬ ውስጥ ሆነ።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቅ ነበር። አገር ቤት ሀዘን ያለው ዘፈን ብቻህን አይደመጥም። አመሻሽ ላይ ከመርካቶ ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲው ውስጥ ሹፌሩ በዛወርቅ አስፋውን ይከፍታል። ወያላው እንኳን መጣራቱን ይተዋል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «እህህ…» ይላሉ። ለምን እንዳሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ሁሉም የየራሱን ያስባል፣ ግን አብሮ ነው። ሲወርዱ «ደህና እደሩ» ተባብለው ይለያያሉ። እኔ ደግሞ የሆላንድ ባቡር ውስጥ ከአራት ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሜ እቀመጣለሁ። የእኔን ዘፈን እነሱ አይሰሙም። የእነሱን እኔ አልሰማም።

መጀመሪያ ላይ ታዲያ «እነዚህ ሰዎች ሀዘን አያውቁም» ብዬ ደምድሜ ነበር። ስህተት ነበር። ሌቨንስሊድ የሚሉት የዘፈን ዓይነት አላቸው፣ የሕይወት ዘፈን እንደማለት ነው። ዮርዳን የሚባለው የአምስተርዳም ሰፈር የድሮ ሠራተኛ ሕዝብ የሚወደው ነው። ነገሩ ስለ ተለየች ፍቅረኛ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ እናት ነው። ዜማው ግን ብዙ ጊዜ የሚያወዛውዝ ነው። ቢራቸውን ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ ጮክ ብለው አብረው ይዘፍኑታል። የዚህ ዘፈን ንጉሥ የነበረው አንድሬ ሃዜስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን የአምስተርዳም አሬና ስታዲየም መሀል ላይ አሳረፉት። ወደ 50,000 ሰው መጥቶ ተሰናበተው። ዛሬም አልበርት ካውፕ የሚባለው ገበያ ውስጥ ሐውልቱ ቆሟል። እኔ አትክልት ልገዛ ስሄድ በአጠገቡ አልፋለሁ። ሰው ሲያለቅስና ሲዘፍን አንድ ላይ ማድረግ የሚችልበት ቦታ እዚህም አለ ማለት ነው። እኔ ግን ዜማው አልያዘኝም። ያለ እነዚያ ሁለት የላሉ ክሮች ሆዴ አይከፈትም።

ጯሂው ባንድ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

የሥራ ባልደረባዬ፣ ጸጉሩ የሸበተ የዚሁ አገር ሰው፣ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቅ በማግስቱ አንድ ሲዲ ይዞልኝ መጣ። «ይሄ የእናንተም የእኛም ነው» አለኝ። ዘ ኤክስ የሚባል፣ ፓንክ የሚሉትን ፈጣንና ጯሂ ሮክ የሚጫወት ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ። ያን ጊዜ ቤት ያጡ ወጣቶች ባዶ ሕንፃ ውስጥ ገብተው የሚኖሩበት፣ አምስተርዳም የምትናወጥበት ዘመን ነበር። በ1980 ንግሥት ቤአትሪክስ ስትነግሥ እነዚያ ወጣቶች «ቤት ከሌለ ዘውድም የለም» ብለው መንገዱን ሞልተውት ነበር። ዘ ኤክስ የወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ነው። ባልደረባዬ ይሄን ሲነግረኝ ፊቱ ያበራል። እኔ ግን «ፓንክ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?» እያልኩ ሲዲውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ጊታሩ ቆርቆሮ በድንጋይ የሚፈገፈግ ይመስላል። ከበሮው ይነጉዳል። አንድ ዘፈን ሳይጨርስ አጠፋሁት። ሰውየው ሲጠይቀኝ «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩት። ሳምንት ቆየ። አንድ እሑድ ቤት እያጸዳሁ፣ ለራሴ ምክንያት ሳልሰጥ፣ መልሼ ከፈትኩት። በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ አንድ ሳክስፎን ገባ። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። አውቀዋለሁ። ይሄ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ድምፅ ነው።

ጋሽ ጌታቸው ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ትልቁ ሥራቸው ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥተው ሳክስፎን ውስጥ ማስገባታቸው ነው። ዘማች ጎራዴውን ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ የሚያሰማው ያ ድምፅ፣ በትንፋሽ መሣሪያ። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ለብሰው ነበር የሚወጡት። ዘ ኤክሶች የእሳቸውን የቆየ ሙዚቃ ሰምተው ወደዷቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢትዮጵያ ድረስ ሄደው በየከተማው ተጫውተዋል። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዟቸው። እሳቸው ያን ጊዜ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ ነበር። እዚያ ባንዱን ካዩ በኋላ «የሚቀጥለውን አልበሜን እናንተ አጅቡኝ» ያሉት ራሳቸው ናቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ። ባልደረባዬ የሰጠኝ ሲዲ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኔ ብሆን ኖሮ ለጋሽ ጌታቸው እንዲያ ያለ ባንድ አልመርጥላቸውም ነበር። ለስለስ ያለ፣ ጨዋ አጃቢ እፈልግላቸው ነበር። እሳቸው ግን በዚያ በሚነጉድ ከበሮና በሚፈገፈግ ጊታር ውስጥ የሰሙት ነገር አለ። ሽለላን የሚያውቅ ሰው ፓንክ ምን ያስደነግጠዋል? ሁለቱም ከጉሮሮ በታች ነው የሚወጡት። ሁለቱም ቆመው ነው። ሁለቱም «አለሁ፣ አልሞትኩም» ይላሉ።

ያን ቀን ሲዲውን ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ሳልፈልግ ወደድኩት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ትዝታን ስሰማ እንኳን አሰማሜ ተቀየረ። እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ትዝታን እንደ ፎቶ በላስቲክ ጠቅልለን ነው ያስቀመጥነው። አቧራ እንዳይነካው እንጠነቀቃለን። የሐበሻ ምግብ ቤት ስንገባ የሚከፈተው ያው ዘፈን ነው፣ በዚያው ድምፅ። አንድ ወጣት አዲስ አድርጎ ቢጫወተው «ኦሪጅናሉን አበላሸው» እንላለን። እኔም ብያለሁ፣ ደጋግሜ። የናፈቀን አገር እኛ በወጣንበት ዓመት የቆመው አገር ነው። አገር ቤት ያሉት ግን አልቆሙም። ትዝታውን ይዘፍኑታል፣ ይቀይሩታል፣ ያስጨፍሩበታል። ዘፋኙ ጌታቸው ካሳ ድሮ ገና ትዝታን አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፈጣን ምት ተጫውቶታል። ማንም አልሞተበትም።

በ2012 ጋሽ ጌታቸውና ዘ ኤክስ ሁለተኛ አልበም አወጡ። ስሙ «የአንበሳው ትዝታ» ነው። ይሄ ስም ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። አንበሳ ምን ትዝ ይለዋል? እኔ ትዝታን ሁልጊዜ ጎንበስ ካለ ሰው፣ ከጉልበት ላይ ካረፈ አገጭ ጋር ነበር የማያይዘው። እሳቸው ደግሞ ከነጎፈራቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው ያዝናሉ። አራት ዓመት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤፕሪል ወር ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ዜናውን የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። ባልደረባዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እዚህ ሰው ሲሞት ብዙ አይወራም፣ አይለቀስም። ምንም አልተባባልንም። ምሳችንን ግን አብረን በላን። ሁልጊዜ የየብቻችን ነበር የምንበላው።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሲዲው ክፍት ነበር። «ምንድነው እሱ?» አለችኝ። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁት። ጊታሩን ስትሰማ «ውይ!» አለች። ላጠፋው ስል ሳክስፎኑ ገባ። ዝም አለች። በመስመሩ ውስጥ የቡናው ሲኒ ሲንቃጨል ይሰማኛል።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«እንዲህ የሚሸልለው ማነው?» አለች።

«ጋሽ ጌታቸው ናቸው። አጃቢዎቹ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው።»

ትንሽ ቆየች።

«እስቲ ከፍ አድርገው» አለችኝ።