ሁለተኛው ቡድን የት ነው ያለው?

የ2025/26 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አንድ የኤፍኤም ስፖርት ተንታኝ «አርሰናል ዘንድሮ ሁለት ሙሉ ቡድን አለው፤ ከእንግዲህ ጉዳት የሚባል ሰበብ አይሠራም» ሲል ሰማሁት። እሱ ይህን ተናግሮ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እኛ ግን ይኸው ደሴ ላይ ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ወሬ እየተጨቃጨቅን ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ወዳጄ ጭራሽ የማኪያቶውን ደረሰኝ ገልብጦ በስክሪብቶ ሃያ ሁለት ስም ደረደረበት። ለየቦታው ሁለት ሁለት። ከዚያ ስክሪብቶውን ጣል አድርጎ «በል አሁን ተናገር!» አለኝ።

እናገራለሁ።

ስሙ ሞልቷል፣ አልካድኩም። በረኛ ራያና ኬፓ፣ ክንፍ ሳካና ማዱዌኬ፣ አማካይ ዙቢሜንዲና ኖርጋርድ እያሉ እስከ አጥቂው መሄድ ይቻላል። ግን «ስድስት ገዛን» ብሎ ደረት መንፋቱ ምንድን ነው? ስድስት ገቡ፤ ስንት ወጡ? ፓርቴ ውሉ አለቀ። ጆርጂንሆ ብራዚል ገባ። የቶሚያሱ ውል ተቋረጠ። ቲዬርኒ ወደ ሴልቲክ ተመለሰ። በውሰት የነበሩት ስተርሊንግና ኔቶም ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ቁጠሩት፣ ስድስት ነው። ጥራቱ ጨመረ ካላችሁኝ እሺ። ብዛቱ ጨመረ የሚለኝ ግን ወይ መቁጠር አይችልም ወይ እየሸወደኝ ነው።

ስተርሊንግን ካነሳን አይቀር፣ እሱም እኮ አምና በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ነበር። ክንፍ ላይ ሁለተኛ ስም። ዓመቱ አለቀ፣ በፕሪሚየር ሊጉ አንድም ጎል አላገባም። ወረቀቱ ግን «ሙሉ ነን» እያለ ነበር። ለእኔ የቡድን ጥልቀት ማለት አሰልጣኙ በጭንቅ ቀን ዓይኑን ሳያሽ የሚያስገባው ሰው ብዛት ነው፤ ሌላው ሁሉ የሐረጎን ቁልቁለት የተላጠ ስኮርታ ጎማ ጭኖ እንደሚወርድ ሚኒባስ ነው፣ ጎማ አለህ ወይ ሲባል አለኝ ይላል።

የ2022/23ቱን የረሳ ካለ ላስታውሰው። መጋቢት ላይ ከስፖርቲንግ ጋር ስንጫወት ዋናው ተከላካይ ሳሊባ ተጎዳ፣ ቶሚያሱም እዚያው ጨዋታ ላይ ተጎዳ። ተጠባባቂው ሆልዲንግ ገባ። ፓላስንና ሊድስን 4 ለ 1፣ 4 ለ 1 ስላሸነፍን ጉዱ ተሸፈነ። ከዚያ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2። ዌስትሃምን 2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2። የሊጉ መጨረሻ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር፣ በሜዳችን፣ 3 ለ 3! ከዚያ ማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ኢትሃድ ሄደን 4 ለ 1 ተደቆስን። 248 ቀን ሊጉን መርተን በ5 ነጥብ ተበልጠን ሁለተኛ ወጣን። እንግዲህ ሆልዲንግም ያኔ ወረቀት ላይ ነበር፤ ማንም «ተከላካይ የለንም» ሲል አልሰማሁም። አንድ ሰው ወጣ፣ ዋንጫው አብሮት ወጣ። ዕድል ነው፣ ልምድ ማጣት ነው የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ፣ እኔ አልሰማችሁም።

አምናስ፣ በ2024/25? ጨዋታ ፈጣሪው ኦዴጋርድ ለኖርዌይ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ በጠፋባቸው ሳምንታት በበርንማውዝ ተሸነፍን፣ ከሊቨርፑል አቻ ወጣን፣ በኒውካስል ተሸነፍን። ታኅሣሥ ላይ ሳካ ወጣ። ጥር ላይ አጥቂው ጄሱስ ጉልበቱ ሄደ። የጥር ወር የዝውውር መስኮት ክፍት ነበር፤ ክለቡ አንድም ሰው አላስፈረመም። አንድም! ከዚያ ሌላው አጥቂ ሀቨርትዝ ዱባይ ልምምድ ላይ ተጎዳና አማካዩ ሜሪኖ አጥቂ ሆነ። ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ሲያገባ ሁሉም «ይኸው ዘጠኝ ቁጥር!» አለ። በሚቀጥለው ጨዋታ በሜዳችን በዌስትሃም 1 ለ 0፣ ከዚያ ከኖቲንግሃም ጋር 0 ለ 0። ዓመቱን በ14 አቻ ጨረስን። ሻምፒዮኑ ሊቨርፑል የተሸነፈው 4 ጊዜ ነው፣ እኛም 4 ጊዜ። ልዩነቱ አቻው ላይ ነው፤ የአቻ መድኃኒቱ ደግሞ በ65ኛው ደቂቃ ገብቶ ጨዋታ የሚቀይር ሰው ነው።

እና ተንታኙ ሆዬ «ጉዳት ሰበብ አይሠራም» ይለናል። ወንድሜ፣ ሰበብ ያልከው እኮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ያስወጣን ነገር ነው። «አምስት ቅያሪ ተፈቅዷል» ይላል ደግሞ። ለሲቲስ ሦስት ነው እንዴ የተፈቀደው?

ተከላካዩን ኪዊዮርን እሰጣችኋለሁ። ገብሬልን ተክቶ ሪያል ማድሪድን ሁለቴ ስናሸንፍ ልጁ ሰው ሆኗል። እሱ ላይ አልከራከርም።

አሁን ወደ ደረሰኙ። አጥቂው ዮከሬስ መጣ፣ በፖርቱጋል ሊግ 39 ጎል ያገባ ሰው ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግራ ክንፍ ላይ ግን ማርቲኔሊና ትሮሳርድ። አምናስ ማን ነበር? ማርቲኔሊና ትሮሳርድ። ያ ቦታ እንኳን ሁለት ቡድን፣ አንድ ቡድንም በወጉ የለውም። የኦዴጋርድ ተተኪ ተብሎ ደግሞ ንዋኔሪ ተጽፏል። ልጁን እወደዋለሁ፣ በ15 ዓመቱ ለክለቡ የተሰለፈ ጉድ ነው። ግን 18 ዓመቱ ነው! በአራት ውድድር የሚንከራተት ክለብ ፈጣሪነቱን በሙሉ አንድ ልጅ ጫንቃ ላይ አስቀምጦ «ሁለት ቡድን አለኝ» ይላል እንዴ?

ደሴ ተቀምጠህ ስለ ለንደን ክለብ ምን አገባህ የምትሉኝም አላችሁ። ቅዳሜ ሸዋ በር አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ ይህንን ጥያቄ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጠይቁ።

እሁድ በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ይጀመራል። የዝውውር መስኮቱ የሚዘጋው ነሐሴ 26 ቀን 2017 ነው። እስከዚያ ግራ ክንፍም መሐልም መጫወት የሚችል አንድ የደረሰ ሰው ይምጣ፤ ተስፋ የሚጣልበት ታዳጊ፣ በውሰት የሚመጣ ጡረተኛ አልልም። ካልመጣ ተንታኙም ወዳጄም የካቲት ላይ ስለ ጉዳት ሊያወሩኝ እንዳይመጡ። ደረሰኙን ተቀብዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ።