አረንጓዴ ሁሉ ሣር አይደለም

ሁለት የሳተላይት ምስሎችን ጎን ለጎን አድርጎ «በፊት» እና «አሁን» እያሉ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ተለምዷል። አንዱ ቡናማ፣ ሌላው አረንጓዴ። ከሥሩ የሚጻፈው ወይ «አገር ለማ» ነው፣ ወይ ደግሞ «አገር ጠፋ»። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ምስሉ የተነሳው በየትኛው ወር ነው?

ሱሉልታን እዩ። መስከረም ላይ ሜዳው ለምለም ነው። ኅዳር ላይ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይከመራል፣ በአይሱዙ ተጭኖ ይሸጣል። ጥር ላይ የሚቀረው የታጨደ ቢጫ መሬት ነው። የመስከረሙንና የጥሩን ምስል ብታጋጥሙ ሱሉልታ በአራት ወር በረሃ ሆነች ልትሉ ትችላላችሁ። የሆነው ግን ሌላ ምንም አይደለም፤ ሣሩ ተሸጠ።

ሳተላይት አረንጓዴነትን የሚለካበት አሠራር ቀላል ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ከ-1 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይወጣል። ባለሙያዎቹ ኤንዲቪአይ ይሉታል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅጠል አለ ማለት ነው። የምን ቅጠል እንደሆነ ግን ብቻውን አይነግረንም።

መረጃው ደግሞ ሞልቷል። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ የምድር ቅኝት ሳተላይቶች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 የመጠቀ ሲሆን፣ ምስሎቹ ከ2008 ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ። የአውሮፓው ሴንቲነል 2 ደግሞ በ10 ሜትር ጥራት (አንዷ የምስሉ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ናት) በየ5 ቀኑ ያነሳል። ሰማዩ ከጠራ ማለቴ ነው፤ የሐምሌን የአዲስ አበባ ደመና የሚያውቅ ይረዳኛል።

እንጦጦ ደግሞ ሌላውን ችግር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ክትትል ይደረግባት የነበረው ከዚሁ ተራራ ነው። የተራራው ባሕር ዛፍ ከሰማይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። ውስጡ ስትገቡ ግን ብዙ ቦታ መሬቱ ራቁቱን ነው። የወደቀውን ቅጠልና ጭራሮ ሴቶች ጠርገው፣ በጀርባቸው አዝለው ለማገዶ ወስደውታል። ባሕር ዛፉም አገር በቀሉ የጽድ ዛፍም በካርታው ላይ አንድ ቀለም ሊሆኑ ይችላሉ።

ከተማ ዳር ይህ ለክርክር ብቻ ይሆን ይሆናል። ቆላ ሲወርድ ግን ገንዘብ ነው፣ ሕይወትም ነው። በሳቫና ምድር ሣርና ግራር ተደባልቀው ይበቅላሉ፤ በዝናብ ወቅት ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። በበጋ ሣሩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ብዙው ዛፍ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት የሚፈልግ ሰው ዓመቱን ሙሉ መከታተል አለበት። አንድ ያማረ ምስል መርጦ ማውጣት ሥራ አይደለም።

ቦረና ላይ ቁጥቋጦ የግጦሹን መሬት እየወረረ ነው። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ እንዲሁ። ከላይ ሲታይ ልማት ይመስላል። ላሟ ግን የምትበላው ሣር ነው። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የከብት መድን በሳተላይት በሚለካ አረንጓዴነት ላይ ተመሥርቶ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ከተለመደው በታች ሲወርድ ካሳ ይከፈላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ገምጋሚ እስኪመጣ ከብት አያልቅም። ነገር ግን ቁጥቋጦው ለምልሞ ሣሩ ከጠፋ፣ ቁጥሩ «ደህና ነው» ሲል ከብቱ ሊራብ ይችላል።

ሳተላይቱ ይቅር እያልኩ አይደለም። ይህን ሰፊ አገር በእግር ዞሮ የሚጨርስ የለም። የምለው፣ ምስል የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ቀኑን አብሮ ይጻፍ፣ መሬት ላይ ወርዶ ያጣራበትንም ቦታ ይናገር። የትኛው አረንጓዴ መኖ እንደሆነ፣ የትኛው እሾህ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ እረኛው አለ። ለካርታ ሥራ በጀት ሲያዝ የእሱም አበል አብሮ ይያዝ።