ይድረስ ዓመት በመጣ ቁጥር ለሚያንሱት ኪሎ ሜትር ቆጣሪ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ያመመኝ በእርስዎ ምክንያት ነው፤ ያሉባት፣ ልገዛት ያሰብኳት መኪና ሥር ካርቶን አንጥፌ፣ ተንጋልዬ ዝገት ስፈልግ ነው ያረፈድኩት።

አንቱ ያልኩዎት ዕድሜዎን አክብሬ ነው። መኪናዋ 17 ዓመቷ ነው፣ እርስዎም የተወለዱት ከእሷ ጋር። ግን የምርመራ ወረቀቶቿን ሳገላብጥ ጉድ አየሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ 77 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣት ሆነዋል! በዚህ አያያዝዎ ከርሞ ታናሼ መሆንዎ ስለማይቀር አንቱታውን ከወዲሁ ትቼዋለሁ። እንዳትቀየመኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ያንተ እውነት ግን እያደር ይቀንሳል።

የተዋወቅንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር ቦግ አልክና፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ 109 ሺህ ብለህ አሳየኸኝ። እሱም ቀበል አድርጎ «ብዙ አልተነዳችም፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ናት» አለኝ። አመንኩ። ሰው ሁሉ ያምንሃል እኮ! ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ሞተር ባያውቅ፣ ስለ ካምቢዮ ባያውቅ፣ «ስንት ነድታለች?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም፤ መልሱን የምትሰጠው ደግሞ አንተው ነህ፣ ምስክርም ዳኛም ሆነህ።

ቀጥሎ የዘንድሮው የምርመራ ወረቀት ወጣ። «ይኸው፣ አልፋለች!» ንጹህ ወረቀት ነው፤ አንዲት ማስታወሻ እንኳ የለበትም። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ንጽሕናው ነው። 17 ዓመት መንገድ ላይ ኖሮ የሚነገርበት አንድ ነገር ያልተገኘ መኪና ወይ ተአምር ነው፣ ወይ መርማሪው ምሳ ሰዓት ደርሶበታል።

ማለፍስ ቢሆን ምን ማለት ነው? በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ፍሬኗ፣ መብራቷ፣ መሪዋና ጎማዋ ከተፈቀደው በታች አልወረዱም ማለት ነው። በቃ። እንግሊዞች ኤም ኦ ቲ በሚሉት ምርመራቸው የሞተር፣ የፍሪሲዮንና የካምቢዮ ጤንነት ጭራሽ እንደማይታይ ራሱ መንግሥታቸው ይናገራል። ጠዋት ምርመራ ያለፈች መኪና ከሰዓት በኋላ ፍሪሲዮኗ ቢቃጠል የዋሸ ሰው የለም። የተውሶ ጎማ አስሮ አልፎ፣ ማታ ጎማውን ለባለቤቱ መመለስም ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ የድሮዎቹን ወረቀቶች ጠየቅኩ። ሻጩ «ቤት ናቸው» አለ። በሁለተኛው ቀን «ፈልጌ አጣኋቸው» አለ። በሦስተኛው ቀን «እንግዲያው ይቅርብኝ» ስለው ከኪሱ አወጣቸው።

በዓመታቸው ቅደም ተከተል ኮፈኑ ላይ ደረደርኳቸው። መጀመሪያ 146,210። ቀጥሎ 163,900። ቀጥሎ 181,350። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ነበርክ፤ በየዓመቱ 17 ሺህ ያህል እየጨመርክ ትሄድ ነበር። ከዚያ አምና... 104,200።

ስምህን ለማዳን ያላደረግኩት ጥረት የለም። መርማሪው ሲጽፍ ቁጥር ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ያጋጥማል፣ አንድ አሃዝ ይዘላል ወይም ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ግን ስህተት ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቦታህ ትመለስ ነበር፤ አንተ ግን ዘንድሮም እዚያው ታች ሆነህ 109 ሺህ አልክ። እሺ፣ በማይል ተጽፎ ቢሆንስ? (ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል የተዛወረ ቁጥር ሳይነካ የተነካ ይመስላል።) የአምናውን ቁጥርህን በ1.609 አባዛሁት፤ 167 ሺህ ከምናምን መጣ። ያም ሆኖ ከቀድሞው ያንሳል። ዳሽቦርዱ ተበላሽቶ በሌላ ተቀይሮ ቢሆንስ ብዬም ጠየቅኩ። እሱም ሐቀኛ ምክንያት ነው፤ ግን የጋራዥ ደረሰኝ ይኖረዋል። ደረሰኙ የት አለ? «ቤት ነው።»

እኔ አንተን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ ለነገሩ ራስህን በራስህ አላዞርክም። አያቶችህ ባለ አምስት አሃዝ ስለነበሩ 99,999 ሲሞላ በሕጋዊ መንገድ ወደ ዜሮ ይመለሱ ነበር። ጥርሳቸውን ወደ ኋላ ለማዞር መፍቻና ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። አንተን ግን አንድ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያሳንስሃል። አንድ የረሳኸው ነገር ቢኖር፣ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ቁጥሩ አንተ ጋ ብቻ አይቀመጥም፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ይመዘግባል፣ በአንዳንዶቹማ ቁልፉ ራሱ ይመዘግባል። ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ እንኳ ያሳጣሃል!

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 የዘመዶችህን ቁጥር ማጭበርበር በፌዴራል ሕግ ከለከሉ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ድርጊቱ ያስቀጣ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያለውን የምርመራ ታሪክ ማንም ሰው በታርጋ ቁጥር ብቻ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በነጻ ያያል፤ በየምርመራው ያሳየኸውን ቁጥር ጭምር። እዚያ ብትሆን ወገቤን ሳያመኝ ያን ጊዜውኑ አውቅህ ነበር።

የሚገርምህ ግን፣ መጨረሻ ላይ ካንተ ቁጥር ይልቅ ወረቀቶቹ ግርጌ ያሉት ማስታወሻዎች በለጡብኝ። በመጀመሪያው «ከሥር በግራ በኩል ዝገት ጀምሯል» ይላል። በሁለተኛው «ዝገቱ ገፍቷል»። በሦስተኛው እንደገና «ዝገቱ ገፍቷል» ይልና «የፊት ግራ ጎማ ወደ ውስጥ በኩል ተበልቷል» ይጨምራል። አምና ዝገቱ ጠፋ። ተበየደ? ተቆርጦ ተቀየረ? ካርቶኔን አንጥፌ የገባሁት ለዚሁ ነበር። ያገኘሁት ወፍራም ጥቁር ቅብ ነው፤ በጣቴ ጫን ስለው ልክ እንደ ደረቀ ጭቃ ተንኮታኮተ። ፍቅር የሚያሸንፈውን ሁሉ ቅብ ያሸንፋል ብሎ ያሰበ ሰው አለ።

እኔ መውደቅ አይደንቀኝም። ወድቃ፣ በሳምንቱ ተጠግና፣ ተመልሳ ያለፈች መኪና ባለቤት እንዳላት ታስታውቃለች። የምፈራው ያችን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ማስታወሻ የተሸከመችውን ነው። ለተጻፈለት ማስጠንቀቂያ ጆሮ ያልሰጠ ሰው ላልተጻፈው ዘይት ቅያሪ ይጨነቃል ብለህ ታምናለህ?

መሃል ላይ የጎደለ ዓመት ካለም መጠየቅ ነው፤ የት ነበረች? ቆማ ነበር ወይስ ተገጭታ? እርግጥ ክፍተት ሁሉ ተንኮል አይደለም። ጃፓንና ጀርመን አዲስ መኪና መጀመሪያ የሚመረመረው በ3 ዓመቱ ነው፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ። ወረቀቶቹ የእሷ መሆናቸውንም ለማረጋገጥ የሻንሲውን 17 ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ትክክል ናቸው። ሻጩ ቢያንስ በዚያ አልዋሸም።

ሌላ ማን እንዳጋለጠህ ልንገርህ? የፍሬን ፔዳሉ። 109 ሺህ ብቻ የተነዳች መኪና ፔዳሏ ላይ ያለው ጎማ እስከ ብረቱ አያልቅም። መሪዋም እንደ መላጣ ራስ ያበራል። ሁሉም ያውቁሃል፤ ያፈሩት ስላንተ ነው።

በል ሰላምታዬን ለዳሽቦርድ ቤተሰብህ አድርስልኝ። ለነዳጅ መለኪያው ሰላም በልልኝ፤ ባዶ መሆኑን የሚናገር እሱ ብቻ ነው። ለሞተር ማስጠንቀቂያዋ መብራትም ናፍቆቴን ንገራት። ቁልፍ ሲዞር ቦግ ብላ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት ሲገባት፣ በሄድኩባቸው ሦስት ቀናት አንዴም አልበራችም። አምፖሏን ማን እንደነቀለው ካወቅህ ጻፍልኝ።

ሻጩ ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። «ላንተ ስል ቀንሻለሁ» አለኝ። መቀነስ የለመደው ካንተ ይሆናል።